ለሙቀት የሚሆን ሽቶ

መጋቢት 6

ይድረስ ለምወድህ ለባለቤቴ ታናሽ፣ ለኔም ታናሽ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቀህ ወይ? እኛ ጋ ብርድ የሚባል ነገር ከተረሳ ሰነባበተ። ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ክፉ አይንካህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኛ ደህና ነን።

ጋሼህ ጠንከር ብሏል። ከመሰላል ወድቆ አልጋ ላይ ከዋለ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው፤ ቀልዱን ግን አልተወም። በጀርባው ተንጋሎ ኮርኒሱን ያይና «ይሄን የቀባውን ሰው አምጡልኝ፣ ብሩሹን እሰብርበታለሁ» ይላል። የቀባው እሱ ራሱ ነው። በቀደም ደብዳቤህ ሲመጣ እንደ ልማዳችን ከአልጋው ጫፍ ቁጭ ብዬ፣ ፖስታውን እሱ ፊት ቀድጄ፣ ከሰላምታው እስከ ፊርማህ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አንድ ቃል ብዘል ያውቅብኛል። ስልክ ግን አትደውል። በስልክ እንደ ልብ መጫወት አይቻልም ይላል፤ ደብዳቤ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ አፍሬ ነው የምጽፈው። የምትሠራው ሽቶ መጋዘን ውስጥ ነውና አንድ ሽቶ ፈልግልኝ። ለኔ ነው። ለሙቀት የሚሆን፣ ቀለል ያለ፣ ንጹሕ ንጹሕ የሚሸት። ጣፋጭ እንዳይሆን አደራ፤ ጣፋጭ ነገር ዝንብ ይጠራል። የምንተኛበት ክፍል ጠባብ ነው፣ መስኮቱም አንድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል አየሩ ይከብዳል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆይ ከሆነማ እሰየው።

እህታችሁ ደህና ናት። ሰሞኑን በር ድረስ መጥታ ጠይቃን ሄዳለች። አንተም በጊዜ ተኛ፤ ምግብ አትዝለል።

እትዬህ


መጋቢት 27

ይድረስ ለእትዬ፤

ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ፤ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ጋሼንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እየሰማኝ እንደሆነ ስለማውቅ ለሱም እዚሁ ሰላም ብያለሁ፤ ጋሼ፣ ኮርኒሱን ተወው፣ እኔ ስመጣ አብረን እንቀባዋለን።

እትዬ፣ እኔ ሽቶ ሻጭ አይደለሁም፤ ካርቶን ተሸካሚ ነኝ። ሽቶው ግን ተሸካሚና ሻጭ አይለይም። አውቶብስ ስሳፈር ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ጫማዬን ያይና ግራ ይገባዋል። የፊት መደርደሪያውን የምትይዘውን ሴትዮ ስለ ጉዳይሽ ጠየቅኳት። «ለሙቀት ከሆነ ሁለት አለ፤ ሌላው ትርፍ ወሬ ነው» ብላ ከሁለቱም በትንንሽ ብልቃጥ ቀድታ ሰጠችኝ። ወደዚያ የሚመለስ ባልደረባዬ ያደርስልሻል።

አረንጓዴው ብልቃጥ ሎሚ በቢላ ሲሰነጠቅ የሚረጨውን ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ የታሸ ቅጠል ነገር አለው። ያነቃል፣ ግን ቶሎ ይጠፋል። ነጩ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ አንሶላ ነው የሚሸተው። ሲረጩት የለ ይመስላል፤ ኋላ ግን ልብስ ላይ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ቀን እንዳትሞክሪ፣ አፍንጫ ይምታታበታል ብላለች። የመረጥሽውን ጻፊልኝና ትልቁን ጠርሙስ እልክልሻለሁ፤ ለሠራተኛ ቅናሽ አለው።

ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው ሽቶ? እኔ የማውቅሽ «ከሳሙና ወዲያ ሽቶ ላሳር ነው» ስትይ ነው። ጋሼ፣ ንቃ፤ ሚስትህ ወጣት እየሆነችብህ ነው።

ትንሹ


ሚያዝያ 14

ይድረስ ለወንድሜ፤

ዕድሜ ይስጥህ። እንደ ብልቃጦቹ ትንሽ ሳይሆን እንደ ልብህ ሰፊ ቀን ያውጣልህ። ሁለቱም ሳይሰበሩ ደርሰዋል። ሰላምታህን ለጋሼህ አንብቤለታለሁ፤ ጉንጩንም ስሜልሃለሁ። «ወጣት እየሆነችብህ» ያልከው ላይ ስደርስ ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

አረንጓዴውን መጀመሪያ ሞከርኩት። ጠዋት ስረጨው ቤቱ ሁሉ ነቃ። ጋሼህም ዓይኑን ጨፍኖ ሳበውና «ሰው የገባ መሰለኝ» አለ። ነገር ግን እኩለ ቀን ሳይደርስ ሄደ፤ ሲሄድ ደግሞ ዝም ብሎ አይሄድም፣ የሸፈነውን ሁሉ ገልጦ ነው የሚሄደው። ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ጋሼህ «ይሄ እንደ አከራይ ነው፤ ሲመጣ ፈገግታ፣ ሲሄድ ራስ ምታት» ብሎታል።

ነጩ ዝምተኛ ነው። ቤቱ ውስጥ ካለው ጋር አይጣላም፤ ቀስ ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል። እንዲያውም ወደዚያው ሳላዘነብል አልቀርም። ብቻ ከመምረጤ በፊት ሴትዮዋን ይህን ጠይቅልኝ፦ አንሶላ ላይ ቢንጠባጠብ በእጥበት ይለቃል ወይ? የተላጠ ቆዳ ቢነካ ያቃጥላል ወይ? ጨርቅ ላይ ተረጭቶ ጨርቁ ገላ ላይ ተጠምጥሞ ቢያድርስ ጉዳት አለው? ለምን እንደምጠይቅ አትጠይቀኝ፣ የኔ ልጅ።

እኔ የስፌት ቤቱን ኮሌታ እቤት እያመጣሁ እሰፋለሁ። ሥራ አለ፤ ተመስገን ነው።

እትዬህ


ግንቦት 3

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላም ለቤቱ ሁሉ። መልሴ የዘገየው ሥራ ስለበዛ ነው።

ሴትዮዋን ጠይቄያለሁ። አንሶላ ላይ ነጩ አይታይም፤ አረንጓዴው ቢጫ ነገር ይተዋል። የተላጠ ቆዳ ከሆነ ሁለቱም እንደ እሳት ያቃጥላሉ፤ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሐኪም እንጂ ሽቶ ሻጭ አይጠየቅም ብላለች። ሳቀችብኝም። እኔ የማውቀው ሽቶ አንገት ላይ፣ ቢበዛ ክንድ ላይ ነው፤ አንሶላ ምን አገባው?

ሌላም ነገር አለ። እህታችን ጽፋልኛለች። በመጣች ቁጥር በር ላይ ቆማ እንደምትመለስ፣ አንቺም «ጋሼ ተኝቷል» እያልሽ እንደምትሸኛት ነግራኛለች። የገዛ ወንድሟን ካየችው ወራት አልፈዋል። መቼም ሰው ቀኑን ሙሉ አይተኛም።

አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ደብዳቤ ጋሼ በገዛ እጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ሌላ አልፈልግም። ስለ ሽቶው ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ትንሹ


ግንቦት 16

ይድረስ ለወንድሜ፤

የተቆጣ ልብህን ያብርድልህ፤ ሐሳብህን ይሙላልህ።

ደብዳቤህን እንደ ወትሮው ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። የአንሶላው ነገር ላይ ስደርስ ጋሼህ ፈገግ አለ፤ ስለ እህታችሁ ያልከው ላይ ግን ፈገግታው ጠፋ። እንዲጽፍልህ እስክሪብቶውን እጁ ላይ አደረግኩለት። ያዘው፣ ግን አልሆነም። «እጄ ብሩሽ ለምዶ እስክሪብቶ ናቀ በይው» አለኝና መለሰልኝ። እኔም ያለውን ጻፍኩልህ።

እህታችሁን ከበር የምመልሳት እኔ አይደለሁም። ጋሼህ ሰው እንዲገባ አይፈልግም። ከዚህ በላይ እንዳልናገር አስምሎኛል፤ ስለዚህ ሆድ ይፍጀው። ስለ ቆዳው የነገርከኝን ሰምቻለሁ፤ ጨርቁ ላይ ከውጪ ብቻ ነው የምረጨው።

ነጩ ይሁን። ትልቁን ጠርሙስ፣ ከተቻለ ሁለት። ብልቃጡ ካለቀ ሰነበተ፤ ውሃ ጨምሬበት እየነቀነቅኩ አብቃቅቼ አብቃቅቼ ጨረስኩት። ሙቀቱ ከፍቷል። ለምኜህ አላውቅም፣ አሁን ግን እየለመንኩህ ነው፤ ቶሎ በልልኝ።

እትዬህ


ሰኔ 4

ይድረስ ለወይዘሮ፤

ሰላምታ ከልብ ካልሆነ ባይጻፍ ይሻላል ብዬ ትቼዋለሁ።

እህታችን ሁሉንም ጽፋልኛለች። ገበያ መሐል አጠገብዎ ቆማ እንደ ነበር፣ ልብስዎ ሽቶ ሽቶ ሲል እንደሸተታት፣ ከሰዓት በኋላ በሩን ከውጭ ቆልፈው ወጥተው ሲመሽ እንደሚመለሱ። የማዕዘኗ ባለሱቅም ይህንኑ አይታለች። እኔ ሞኙ ደግሞ ብልቃጡን ቀድቼ፣ ሰው ለምኜ የላክሁ ነኝ። ሁለቱን አወዳድሬ፣ የትኛው ልብስ ላይ እንደሚቀር ሳይቀር ያስረዳሁ እኔ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

ወንድሜ ከአልጋ መነሣት አቅቶት ይሆናል፤ ወገን የለውም ማለት ግን አይደለም። ያስማለኝ እሱ ነው ማለትዎ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። አንደበቱም እርስዎ፣ እጁም እርስዎ፣ መሐላውም እርስዎ ሆኑ።

ሽቶውን አልልክም። የሚቀቡለት ሰው ይግዛልዎ። ይህን ደብዳቤ ለወንድሜ እንደማያነቡለት አውቃለሁ፤ ስለዚህ የጻፍኩት ለእርስዎ ብቻ ነው።

የባለቤትዎ ወንድም


ሰኔ 22

ይድረስ ለባለቤቴ ወንድም፤

ጤና ይስጥህ። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ደብዳቤህን አንብቤለታለሁ። ምን እንደያዘ ሳላውቅ እንደ ወትሮው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ፣ እሱ ፊት ቀደድኩ፣ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «ይድረስ ለወይዘሮ» ስል «ይሄ ልጅ ሹመት አገኘ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ቀድሞ አየውና አቆምኩ። «ሰላምታ ብቻ ነው፣ አልቋል» አልኩት። «ብርሃኑ ከኋላው ያሳየኛል፤ ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ አንብቢ» አለ። እምቢ አልኩ። «እስከ ዛሬ አንድ ቃል ዘለሽብኝ አታውቂም» አለኝ። አነበብኩ። የሚቀቡለት ሰው ይግዛልዎ የሚለውንም በራሴ አፍ አነበብኩት።

ስጨርስ «አሁን ንገሪው፣ ከመሐላው ፈትቼሻለሁ» አለኝ። እንግዲህ ስማ። ጀርባው የቆሰለው ከጥር ወዲህ ነው። መጀመሪያ ቀይ ነበር፣ ከዚያ ተላጠ፣ አሁን ወደ አጥንቱ ወርዷል። ነርሷ እየመጣች ታጥባለች፣ በመሐል እኔ አጥባለሁ፣ እያገላበጥኩት አድራለሁ። ሙቀቱ ሲመጣ ሽታው መጣ። ወንድምህን ታውቀዋለህ፤ ቀለም ቀቢ ሆኖ ሸሚዙ ላይ ጠብታ የማይገኝ ሰው ነው። ሰው አፍንጫውን ሲይዝ ከማይ ብሞት ይሻለኛል አለ። በሩን ያስዘጋው እሱ ነው። «ለኔ ነው በይው፣ ትንሹ እንዳይሰማ» ብሎ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ስልክ አትደውል ያልኩህ ድምፁ ስለሟሸሸ ነው። በሩን ከውጭ ቆልፌ የምወጣው የሰፋሁትን ኮሌታ ለማስረከብ ነው፤ እሱን እንቅልፍ የሚወስደው ያን ሰዓት ብቻ ነው። የምተኛው ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ስለሆነ በፋሻው ላይ የረጨሁት ሁሉ ልብሴ ውስጥ ይገባል። እህታችሁ የሸተታት ያ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ምን እንደሚል እኔም የሰማሁት ካንተ ደብዳቤ ነው። እሱም አብሮኝ ሰማ።

በማግስቱ እህታችሁንና ባለሱቋን ጥሪያቸው አለኝ። ጠዋት ፋሻውን ልቀይር ስል ከለከለኝ። መስኮቱን ልክፈት ስል ከለከለኝ። ለመንኩት፤ እግሩን ይዤ ለመንኩት። «የምሠራውን እኔ አውቃለሁ» አለ። ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው በጋለበት ሰዓት ገቡ። እህታችሁ የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ግቢ» አላት። «በሩንም ዝጊው።»

ገብተው ተቀመጡ። እህታችሁ የልብሷን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ ወሰደች።

«አትሸፍኚ፣ እህቴ። እሷ ሸፍና አታውቅም።»

እጇን አወረደች። ባለሱቋ መሬት መሬት ታያለች። ጋሼህ ትንፋሹን እየሰበሰበ «ሚስቴ ወዳጅ ይዛለች አላችሁ አሉ» አለ። «እውነት ነው። ይኸውላችሁ ወዳጇ። በደንብ አሽትቱት፣ ሌላ ቦታ ስታገኙት እንዳይሳሳትባችሁ።»

እስኪበቃው ድረስ አስቀመጣቸው። ባለሱቋ ደጅ ወጥታ አስመለሳት፤ ስታስመልስ እሱም ይሰማል። እህታችሁ እግሬ ላይ ወደቀች፤ አነሣኋት። ሰፈሩ አሁን ሲያየኝ መንገድ ይለቅልኛል። ስሜ ተመልሶልኛል፤ ደስ ግን አላለኝም። እሱ ደብቆ ሊሞት የፈለገውን ነገር ነው ለኔ ስም ብሎ አውጥቶ የሰጠው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ኮርኒሱን አይሳደብም። ቀልድ ከጀመርኩለት «ደክሞኛል» ይላል። ሽቶ አትላክ፤ የምደብቀው ሰው አልቀረም ብሏል። አልተቀየምኩህም ብል ውሸት ይሆናል። ግን ለሱ ጻፍለት። ለኔ ሳይሆን ለሱ።

የወንድምህ ሚስት


ሐምሌ 25

ይድረስ ለጋሼና ለእትዬ፤

ምን ብዬ ሰላም እንደምላችሁ ሳላውቅ ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። እግራችሁ ሥር ነኝ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ እኔ መላውን ጥዬ ወሬው ላይ ወሬ ጨመርኩበት። ጋሼ፣ አባታችን ሲሞት ጫማህን አውልቀህ ለኔ ያጠለቅክልኝ አንተ ነህ፤ እኔ ደግሞ ቤትህን ከሩቅ ሆኜ አራከስኩት። እትዬ፣ ያን ደብዳቤ በራስሽ አፍ ማንበብሽን ሳስብ እንጀራ ከጉሮሮዬ አይወርድም። ልመጣ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ ሳይታደስ ከወጣሁ መመለስ እንደማልችል ነገሩኝ። ቢሆንም እየተሯሯጥኩ ነው።

አትላክ ብላችኋል፤ እጄ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ሁለቱንም ትልልቁን ጠርሙስ ልኬያለሁ፣ አረንጓዴውንም ነጩንም። እኔ ከእንግዲህ የምመርጠው ነገር የለም። ለፋሻው የሚሆን ጥጥና ከሰል ያለበት ጨርቅም ጨምሬያለሁ፤ ሽታ ይይዛል አሉኝ። ያን መጀመሪያውኑ ብትጠይቁኝ ኖሮ አገኝላችሁ ነበር። ይህንን ለወቀሳ አላልኩትም።

ጋሼ፣ አንድ ቃል በላት፣ ትጻፍልኝ።

ትንሹ


መስከረም 9

ይድረስ ለወንድሜ፤

ፈጣሪ ያጽናህ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ አጠገብህም ሰው ይኑር።

ጋሼህ አርፏል። ደብዳቤህ ደርሶት ነበር። አነበብኩለት፤ ጫማውን ያልክበት ላይ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ፊቱንም ከግድግዳው መለሰ። አንድ ቃል ንገረኝና ልጻፍለት ስለው «ልጅ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። ሕመም አልበዛበትም፤ በጠዋት ነው የሄደው። መልካም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያለ ሰፈሩ ሁሉ ተሸክሞ ቀበረው። የኔንም ስም አብረው አነሡ፤ እንዲህ ያለች ሚስት የለችም አሉ። ያሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ዕቃው የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ጥጡንና ጨርቁን ለነርሷ ሰጠኋት፤ ሌላ በሽተኛ አላት። አረንጓዴው ሳይከፈት ተቀምጧል። ነጩን እህታችሁ ወሰደችው። «አንቺ አትቀቢውም፣ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ውሰጂው አልኳት። ለሙቀት እንደሱ ያለ የለም ትላለች። ሰውም ያደንቅላታል፤ ስታልፊ ንጹሕ ንጹሕ ይሸታል ይሏታል።

በየቀኑ ትመጣለች። ብቻዬን እንዳልውል ብላ ሥራዋን ጥላ ነው የምትመጣው፤ ልቧ ተሰብሯል፣ አውቃለሁ። ብቻ ገና ከበር ስትገባ ቤቱ ይሞላል፣ እኔም ከነጩ ሥር ያን ሌላውን እሸታለሁ። ሁለቱ ለኔ አይለያዩም፤ ወራት ሙሉ አብረው ነው የኖሩት። ተነሥቼ እወጣለሁ። ቂም የያዝኩባት ይመስላታል፤ ታለቅሳለች። ቂም አልያዝኩም። ልነግራት አስቤ ነበር፤ የወንድምሽን ቁስል ተቀብተሽ ነው የምትውይው ብዬ እንዴት ልንገራት? እሷም ትጥለዋለች፣ ከዚያም እንደኔ ሳሙናውም ቁስል ቁስል ይሸታታል።

አንተም አትንገራት። ጠዋት ኮቴዋን ስሰማ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ወንበሩን ወደዚያ አስጠግቼ «እዚህ ንፋስ አለ፣ እዚህ ተቀመጪ» እላታለሁ።

እትዬህ